ያውቁ ኖሯል? ስለ እንጨት ሳጥንና ስለ መቀርቀሪያው

ያውቁ ኖሯል? ከአክሱም ትልልቅ ጥርብ ሐውልቶች ግርጌ ላይ በር ተቀርጿል። በሩ ከነሐውልቱ አንድ ወጥ ድንጋይ ስለሆነ አይከፈትም፤ ጠራቢዎቹ ግን መቆለፊያውን እንኳ አልዘለሉትም። ከበሩ በላይ በየፎቁ ተደርድረው የሚታዩት ክብ ክብ ቅርጾች ደግሞ «የዝንጀሮ ራስ» የሚባሉት የእንጨት ወራጆች ጫፍ ምስል ናቸው። ሐውልቶቹ ከቆሙ ከ1,600 ዓመት በላይ ሆኗል። ድንጋይ ጠራቢ የእንጨት በር ከነመቆለፊያው የሚቀርጸው በየዕለቱ የሚከፍተውና የሚዘጋው እንዲህ ያለ በር ሲኖረው ነውና፣ የአገራችን መቀርቀሪያ ቢያንስ የዚያን ያህል ዕድሜ አለው ማለት ነው።

የቱታንካሙን መቃብር እ.ኤ.አ. በ1922 ሲገኝ የንጉሡ አስከሬን ያረፈው አንዱ በሌላው ውስጥ በተደራረቡ፣ ወርቅ በተለበጡ የእንጨት ቤቶች መካከል ነበር። የቤቶቹ መዝጊያ የተሸጎረው በዞጲ እንጨት መወርወሪያ ነው። ከሁለተኛው መዝጊያ ላይ የታሰረው ገመድና የጭቃው ማኅተም ከ3,000 ዓመት በላይ ሳይነካ ተገኝቷል። እዚህ ላይ ልብ ይበሉ፤ እንጨቱ ሌባ አይከለክልም። የእሱ ሥራ መዝጊያውን ገጥሞ መያዝ ነው፤ ማኅተሙ ደግሞ የነካ ሰው ካለ ያሳብቅበታል። ሳጥን የሚሠራ ሰውም ከሁለቱ የትኛውን እንደሚፈልግ አስቀድሞ ቢወስን ብዙ ድካም ይቀርለታል። የጓዳ ሳጥን ጠላቱ ሌባ ሳይሆን አይጥ፣ አቧራ፣ ሕፃን ልጅና የመኪና መንገጫገጭ ነው፤ ለእነዚህ ለአራቱ እንጨት ይበቃል።

ግብፆች ያን ዞጲ ከደቡባቸው ካሉ አገሮች ያስመጡት ነበር። ሳይንሳዊ ስሙ ዳልበርጂያ ሜላኖክሲሎን የሚባለው ይኸው ዛፍ ዛሬም በመተማና በሁመራ ቆላ ይበቅላል። በዓለም ገበያ ይበልጡን የሚፈለገው ክላርኔትና ኦቦ ለሚባሉት የትንፋሽ መሣሪያዎች ነው።

ቁልፍ ሁሉ ከብረት የተወለደ ይመስለናል። በጥንት ግብፅና በሜሶጶጣሚያ ግን ቁልፉም መቆለፊያውም እንጨት ነበር። ከመወርወሪያው በላይ ትንንሽ የእንጨት ችንካሮች አሉ፤ መወርወሪያው ተገፍቶ ቦታውን ሲይዝ በገዛ ክብደታቸው ወደ ቀዳዳዎቹ ይወድቁና ያስሩታል። ቁልፉ ጥርስ የተተከለበት በትር ነው፤ ከሥር ገብቶ ችንካሮቹን ሽቅብ ሲገፋቸው መወርወሪያው ይለቀቃል። አሜሪካዊው ላይነስ ዬል በ1860ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያስመዘገበው ዝርግ ቁልፍ የሚገባበት መቆለፊያ የዚሁ ልጅ ነው፤ የተጨመረበት ብረቱ፣ ሞላውና የቁልፉ ማነስ ነው። በኪስዎ የያዙት የቤት ቁልፍ ጥርሶች የሚሠሩት ያንኑ ሥራ ነው።

በጎንደር ነገሥታት ዘመን ቤተ እስራኤሎች ብረት በመቀጥቀጥ ብቻ ሳይሆን በግንበኝነትና በአናጢነትም የታወቁ ነበሩ፤ በቤተ መንግሥቱ ግንባታ ተሰማርተው ማዕረግ ያገኙም ነበሩባቸው። ብረት ግን ውድ ነበረ። ማረሻና ጦር የሚሆን ብረት ለሳጥን ማጠፊያ አይባክንም፤ ስለዚህ በርም ሳጥንም በእንጨትና በጠፍር ይገጣጠም ነበር። የጥንቱ በር ማጠፊያ እንኳ ራሱ ሳንቃው ነው፦ በአንድ ጎኑ ከላይና ከታች ጉጥ ይተዉለትና ጉጦቹ በመቃኑና በደፉ ቀዳዳ ውስጥ ይዞራሉ። አንድም ምስማር የለበትም። ይህን ዘዴ አሳንሶ ለሳጥን ክዳን መጠቀም ይቻላል፤ ሁለት የእርሳስ ውፍረት ያላቸው የወይራ ችንካሮች ከግራና ከቀኝ ከገቡ ክዳኑ ይከፈታል፣ ይዘጋል።

መሰንቆ ያየ ሰው አንድ እንጨት ብቻውን ምን ያህል እንደሚይዝ ያውቃል። የመሰንቆው መቃኛ በአንገቱ ቀዳዳ ገብቶ የፈረስ ጭራውን ክር ወጥሮ የሚይዘው በሰበቃ ብቻ ነው። ሙጫም ብሎንም የለውም።

የብራና መጻሕፍት ሽፋን የሆኑት የእንጨት ገበታዎች ሲሰነጠቁ የጥንት ደጓሾች አይጥሏቸውም ነበር። ከስንጥቁ ግራና ቀኝ ቀዳዳ ይበሱና በክር ወይም በጅማት እንደ ልብስ ይሰፏቸዋል። በአገራችን ገዳማትም ሆነ በውጭ አገር ሙዚየሞች ባሉ መጻሕፍት ላይ ይህ ስፌት ይታያል። ክዳንዎ ቢሰነጠቅ ዘዴው ዛሬም ይሠራል፤ የተሰፋ ስንጥቅ ሙጫ ብቻ ከተቀባ ስንጥቅ ይልቅ የእንጨቱን መለጠጥና መሸብሸብ ይችላል።

ስለ መያዣ ዕቃ ከተነሣ አገልግልን ማለፍ አይገባም። ቆዳ የተለበጠ፣ ክዳኑ በጠፍር ተወጥሮ የሚታሰር፣ ወጥ የያዘ እንጀራ በበቅሎ ጀርባ ቀኑን ሙሉ ተጉዞ ሳይፈስ የሚያደርስ ዕቃ ነው። ምስጢሩ ጠፍሩ ክዳኑን ቁልቁል መጫኑ ነው። ብዙ ሰው በቤቱ የሚሠራው የእንጨት መቀርቀሪያ የሚበላሸው ይህን ስለሚረሳ ነው፦ ክዳኑ እንዳይከፈት ይከለክላል እንጂ አይጫነውም፤ ክዳኑ ሲንኳኳ ይውላል፣ ብሎኑም ይላላል። በጎታም ያው ነው፤ እህሉ የሚወጣበት የግርጌ ቀዳዳ ሲወተፍ ውታፉ ጠበቅ ብሎ ካልገባ ጤፉ ያንጠባጥባል።

የአየር ለውጥ እንጨትን ምን እንደሚያደርገው ለማየት አሁን ወደ አይከል እንሂድ። የጭልጋዋ ከተማ ከጎንደር በስተ ምዕራብ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። መንገዱ ከእርሷ አልፎ ወደ መተማ ሲወርድ ከፍታው ከ1,000 ሜትር በላይ ይቀንሳል። በሰሊጥ አጨዳ ወራት ደገኛው ጓዙን ሸክፎ የሚወርደው በዚሁ መንገድ ነው። የእንጨት ጠባይ ለማጥናት ከዚህ የተሻለ ቦታ አይገኝም፤ ምክንያቱም ነሐሴ ላይ አይከል ተሠርቶ ኅዳር ላይ ቆላ የገባ ሳጥን የሠሪውን ስሕተት አንድ በአንድ ያወጣዋል።

ለምን ቢሉ፣ እንጨት ከደረቀም በኋላ አየሩን ተከትሎ እርጥበት ይስባል፣ ይለቃል። በቁመቱ የሚለወጠው ከቁጥር አይገባም፤ በጎኑ የሚለወጠው ግን ሳጥን ያጣምማል። እርጥብ ግንድ ፈጽሞ እስኪደርቅ በጎኑ 8 በመቶ የሚሸበሸብ እንጨት አለን እንበል። በክረምትና በበጋ መካከል የእንጨቱ እርጥበት በ6 በመቶ ቢለዋወጥ ስፋቱ 1.6 በመቶ ገደማ ይለዋወጣል። ክዳኑ 40 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሳንቃ ከሆነ ይህ ከ6 ሚሊ ሜትር ያላነሰ ነው። 3 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላት መቀርቀሪያ ግን የምትለወጠው ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ችግሩ መቀርቀሪያዋ ሳትሆን የምትገባበት ቦታ ነው፤ ክዳኑ ወደ ፊት ይገፋል፣ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ እርሷ ባለችበት ትቀራለች። በበጋ ልክክ ብሎ የተሠራ ሳጥን ሐምሌ ላይ የማይከፈተው በዚህ ነው።

መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ የክዳኑ እንጨት መስመር በሳጥኑ ርዝመት ይሂድ፤ መቀርቀሪያው የሚይዝበት ጥርስ ከሚያስፈልገው በላይ ክዳኑ የሚለዋወጠውን ያህል ይስፋ። ጀማሪ አናጢ ክፍተት ማየት ያሳፍረዋል። እኔ ግን ልክክ ካለው ይልቅ ትንሽ ላላ ያለውን እመርጣለሁ፤ የላላው ዓመቱን ሙሉ ይሠራል።

ከመቀርቀሪያዎች ሁሉ ቀላሉ ዟሪው ነው፤ በአንድ ብሎን መሐሉን የተያዘ ቁራጭ እንጨት። አብዛኛው ሰው ሳጥኑ ፊት ላይ ይተክለውና ወደ ላይ አዙሮ ክዳኑን ሊይዝበት ይሞክራል። ብሎኑ ሲላላ እንጨቱ በክብደቱ ይዞርና ይወድቃል፤ ሳጥኑ ራሱን ከፈተ ማለት ነው። ይልቅ ክዳኑ ላይ ተክለው ቁልቁል ያንጠልጥሉት። ቀዳዳውን ከመሐል ሳይሆን ከላይኛው ጫፍ ሲሶው ላይ ይብሱት፤ ረጅሙ ጎን ከባድ ስለሚሆን ሁልጊዜ ወደ ታች ይመለሳል። በሳጥኑ ፊት ላይ ደግሞ ጎኑ ክፍት የሆነ የእንጨት ቆልማማ ይለጥፉ፤ ዟሪው በጎን ገብቶ ከሥሩ ይያዛል። 7 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 2.5 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ለመካከለኛ ሳጥን ይበቃዋል። የእንጨቱ መስመር የግድ በርዝመቱ ይሂድ፤ በወርዱ የተቆረጠ እንጨት ብሎኑ ያለበት ላይ ይሰበራል። ከብሎኑ ራስ ሥርና ከእንጨቱ ጀርባ ከአሮጌ ጫማ የተቆረጠ ክብ ቆዳ ይግባ፤ ያለሱ ዟሪው በመንገድ ላይ ሲወዛወዝ ይውላል።

ክዳኑን ቁልቁል የሚጫነውስ? የቆልማማው የውስጥ ፊት ትንሽ ሰያፍ ይሁን፤ ዟሪው ወይም ተንሸራታች መወርወሪያው እየገባ ሲሄድ ክዳኑን እየሳበ እንዲያጠብቅ ነው። ሥራው የሽብልቅ ሥራ ነው። በየ10 ሚሊ ሜትሩ 1 ሚሊ ሜትር ከተዳፋ እንጨት ከእንጨት ጋር ባለው ሰበቃ ራሱን ይይዛል፤ ዳፋቱ ከበዛ ግን መኪናው ሲንገጫገጭ ተንሸራትቶ ይወጣል።

ተንሸራታች መወርወሪያ ጧፍ ይወዳል። ያለቀች ጧፍ ቁራጭ ወስደው ጎኖቹን ቢያሹት ዓመት ሙሉ ሳይነክስ ይሄዳል። ሳሙና የሚቀቡ አሉ፤ ለጊዜው ያንሸራትተዋል፣ ግን ሳሙና እርጥበት ስለሚስብ አጠገቡ ያለው ምስማር ይዝጋል። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ሰሙ ሰያፉን እንዳይነካ። የሚንሸራተተውን ይቀቡ፣ የሚይዘውን ይተዉት። ኢትዮጵያ በሰም ምርት ከዓለም ቀዳሚ አገሮች አንዷ ስለሆነች ሰም አጣሁ የሚል ሰበብ አይሰማም።

ሞላ ያለው መቀርቀሪያ ከፈለጉ ቀርከሃ አለ። ኢትዮጵያ በቀርከሃ ሀብቷ ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት፤ የደጋውም የቆላውም ዝርያ ይበቅልባታል። ቀርከሃ ዛፍ ሳይሆን የሣር ወገን ሲሆን ጥንካሬው ያለው ከላይኛው ልጣጩ በኩል ነው፤ ጭረቱ በዚያ በኩል ይበዛል። ስለዚህ የመቀርቀሪያውን ምላስ ሲሠሩ ልጣጩ በሚለጠጠው ጎን ይዋል፤ ገልብጠው ካደረጉት በጥቂት ቀን ይሰነጠቃል። ነቀዝ ደግሞ በውስጡ ያለውን ስታርች ይወደዋል። ከመሥራትዎ በፊት ቀርከሃውን ለሳምንታት ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ በብዙ አገር የተለመደ መከላከያ ነው።

ችንካር የሚገባበት ቀዳዳ ሙጫ ሳያስፈልገው እንዲጠብቅ ይፈልጋሉ? ችንካሩ ደረቅ፣ ቀዳዳው የተበሳበት እንጨት ግን ትንሽ እርጥበት የቀረው ይሁን። እንጨቱ ሲደርቅ ቀዳዳው ይጠብና ችንካሩን ነክሶ ይይዛል። የወንበር ሠሪዎች የቆየ ብልሃት ነው።

እንጨቱ ምን ይሁን? ወይራ ለችንካርና ለዟሪ አቻ የለውም፤ ከባድ፣ ድፍን፣ ለመሮ አስቸጋሪ ነው። ብሎን ከማስገባትዎ በፊት በመሰርሰሪያ ካልበሱት ወይ እንጨቱ ይሰነጠቃል ወይ ብሎኑ ይቀነጠሳል። ፍርፋሪውን አይጣሉ፤ የጠላ ጋን ይታጠንበታል። ዋንዛ ቀላልና ለመሮ የተመቸ ስለሆነ ለሳጥኑ አካል ጥሩ ነው። ጥድን ምስጥ አይደፍረውም፤ ሽታውም ደስ ይላል። በምሥራቅ አፍሪካ የእርሳስ እንጨት ሆኖ ያገለገለው ይኸው ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ በየደጁ ስላለ ይፈትናል፤ ግን ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፤ ለመቀርቀሪያ ከሆነ በደንብ የደረቀ ይምረጡ።

ግን መጥረቢያ ይዘው ከመውጣትዎ በፊት፦ ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ጥድና ኮሶ እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው የደን አዋጅ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ስማቸውን ጠርቶ የከለከላቸው አራቱ አገር በቀል ዛፎች ናቸው። በሰሜኑ ደጋ ትልልቅ ጥድና ወይራ ተርፈው የሚታዩት በአብዛኛው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ነው። በጭልጋ አካባቢ ደግሞ የቅማንት ሕዝብ አባቶች አምልኳቸውን የሚፈጽሙባቸው ዛፍ የማይነካባቸው ሥፍራዎች ነበሩ። ያው ሕዝብ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለጎንደር ከተማ እንጨት አቅራቢ እንደነበር የዘመኑ ተጓዦች ጽፈዋል፤ የሚቆረጠውንና የማይቆረጠውን ለይቶ ማወቅ ይሏል ይህ ነው። ለመቀርቀሪያ የሚሆነውን ቁራጭ ከአናጢ ቤት ፍርፋሪ ወይም ከፈረሰ በር ያገኙታል። የፈረሰ በር እንዲያውም ይሻላል፣ መድረቁን ጨርሷል።

የጭነት ፓሌት ፈትተው ሳጥን የሚሠሩም አሉ። ድንበር የሚሻገር የእንጨት ፓሌት አይኤስፒኤም 15 በሚባለው ዓለም አቀፍ ደንብ መሠረት ነፍሳት እንዳያዛምት መታከም አለበት፤ ማኅተምም ይመታበታል። በላቲን ፊደል «ኤች ቲ» የሚል ከሆነ በሙቀት ታክሟል፣ ችግር የለውም። «ኤም ቢ» የሚል ከሆነ ሜቲል ብሮማይድ በሚባል መርዛማ ጋዝ ታጥኗልና ለእህልና ለበርበሬ ሳጥን አያውሉት።

የብረት ጓጉንቸር ማንጠልጠያ ሳጥን ላይ ሲገጥሙ ብሎኑ በሳንቃው ጫፍ፣ ማለትም ጭረቱ ባለቀበት ፊት በኩል ከገባ የሚይዘው እጅግ ያነሰ ነው። ጓጉንቸሩ ምንም ያህል ጠንካራ ቢሆን ሌባው ማንጠልጠያውን ከነብሎኑ ነቅሎት ይሄዳል። በሳንቃው ሰፊ ፊት በኩል ይግባ።

በገጠር የቁጠባና ብድር ማኅበራት ዘንድ ሦስት ጓጉንቸር ያለበት የገንዘብ ሳጥን የተለመደ ነው፤ ሦስቱን ቁልፍ ሦስት የተለያዩ አባላት ይይዛሉ፣ ሳጥኑ ሌላ ሰው ቤት ያድራል። አሠራሩን ኬር የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1991 ኒጀር ውስጥ ጀምሮት ኢትዮጵያን ጨምሮ በብዙ የአፍሪካ አገሮች ተስፋፍቷል። የቆርቆሮ ሳጥን ማየት የሚሻ ደግሞ አዲስ አበባ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ይሂድ፤ በዚያ አሮጌ በርሜልና ቆርቆሮ ተቀጥቅጦ አዲስ ዕቃ ይሆናል።

ጃፓኖች በሃኮኔ አካባቢ ምንም መቀርቀሪያ የማይታይበት «ሂሚትሱ ባኮ» የሚባል የምስጢር ሳጥን ይሠራሉ። የሚከፈተው የጎኑን ቁርጥራጮች በቅደም ተከተል በማንሸራተት ነው፤ አንዳንዱ በደርዘን የሚቆጠር እንቅስቃሴ ይፈልጋል። ለበርበሬ ሳጥን አልመክረውም።

ከአይከል ብዙም ሳይርቅ፣ በጭልጋ በጓንግ ወንዝ አካባቢ፣ 27 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረ ድንጋይ የሆነ እንጨት ይገኛል።  

መቀርቀሪያ ይገድላል፤ ይህንንም ይወቁ። ልጆች ድብብቆሽ ሲጫወቱ ከውስጥ በማይከፈት ማቀዝቀዣ ገብተው እየታፈኑ ስለሞቱ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1956 ማቀዝቀዣ ሁሉ ከውስጥ በቀላሉ ተገፍቶ መከፈት አለበት የሚል ሕግ አወጣች። የመግነጢስ መዝጊያ ለመለመዱ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ልጅ ሊገባበት የሚችል ትልቅ ሳጥን ከሠሩ በራሱ ወድቆ የሚቆለፍ ዟሪ አይግጠሙበት፤ ሰው በእጁ ካላስገባው የማይይዝ ተንሸራታች መወርወሪያ ያድርጉበት፣ በጎኑም በኩል ከሥር ከሥር ጥቂት የአየር ቀዳዳ ይብሱለት። ቀዳዳው ለአይጥ እንዳይሆን ከ5 ሚሊ ሜትር አይስፋ።